የባለቤቴ ላፕቶፕና ያቺ ልጅ

ቅናተኛ ነኝ። ቀድሜ ብናገረው ይሻላል፤ ኋላ አንባቢ ራሱ ሲደርስበት የደበቅሁት እንዳይመስለው። እናቴ በልጅነቴ «አንቺ ልጅ፣ የገዛ ጥላሽ ከሰው ጥላ ጋር ሲነካካ እንኳ ትቆጪያለሽ» ትለኝ ነበር። ሳገባ ይተወኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ያገባሁት ሰው ለቅናተኛ ሴት ፈጽሞ አይመችም። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ሰው ሲያወራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ፊቱ የተቀመጠ ሁሉ በዓለም ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስባል። ይህን የሚያደርገው ለኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! ግን ሥራው ነው። እዚህ ሀዋሳ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያማክራል። ከየአገሩ የመጡ ልጆች፣ ቤተሰብ የናፈቃቸው፣ ፈተና የጣላቸው፣ ፍቅር ያሳበዳቸው፣ እሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ እሱም አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።

እኔ እዚያው ግቢ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የተዋወቅነውም በኮምፒውተር ምክንያት ነው። ገና ከዲላ መጥቼ ጥገና ክፍል ተመድቤ ሳለ እሱ ተቀጠረ፤ ላፕቶፑን ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ገጠር ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለሆነ ከኮምፒውተር ጋር ብዙም ትውውቅ አልነበረውም፤ ቢሆንም ሁሉንም ቶሎ ለመደ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው፤ ሰዓቱ። እኛ ዘጠኝ ሰዓት የምንለውን ኮምፒውተሩ ሦስት ይለዋል። ስድስት መደመር ወይ መቀነስ ነው፣ ምን ያስቸግራል ይባላል፤ ሐሳቡ ሥራው ላይ ያለ ሰው ግን የስክሪኑን ጥግ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አይደምርም፣ አይቀንስም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዘጠኝ ሰዓት አንዲት ተማሪ ቀጠረ። በሩን ዘግቶ ሪፖርት ሲጽፍ የኮምፒውተሩን ጥግ ቢያይ ሦስት ይላል፤ ገና ነው ብሎ ቀጠለ። ልጅቷ በረንዳው ላይ ቆማ ቆማ፣ ለማንኳኳት አፍራ ሄደች። ተመልሳም አልመጣች። በማግስቱ ወደኔ ሲመጣ ፊቱ ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ፊት ነበር። «የሰው ልጅ ደጅ አቁሜ መለስኩ» አለኝ። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን «ኮምፒውተራችሁ አሳሳተኝ» ብሎ ይቆጣኝ ነበር።

ያን ቀን ወደድኩት። ግን ወደድኩህ ማለት የት ይቻላል! ያለኝ ሙያ ይኸው ነውና ቁጭ ብዬ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ትመልሰዋለች። ከዚያ ስክሪኑ መሃል ላይ አንድ መስመር ታወጣለች፦ «ሰላም ነህ? ሰዓቱ የኛ ነው፤ አትቸኩል።» በአፌ ገና «እርስዎ» እያልኩት በፕሮግራሟ ግን «አንተ» አልኩት። ድፍረቴ ያን ያህል ነበር። እሱም ገባው መሰል፣ በማግስቱ ሲያመሰግነኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

ተጋባን። ታቦር ሰፈር ቤት ተከራየን። እኔ ከጥገና ወደ ሰርቨር ክፍል ተዛወርኩና የሰው ላፕቶፕ መነካካት ተውኩ፤ ፕሮግራሟንም ረሳኋት። ላፕቶፑ አርጅቶ ባትሪው ሞተ፤ በሶኬት ብቻ ስለሚሠራ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። «አዲስ ጠይቃቸው እንጂ፣ ለሌላው ሁሉ ቀይረውለት የለም ወይ?» ስለው «ይሄ ምን ሆነ?» ብሎ ያልፈኛል። እኔም የንፉግ ገበሬ ጠባይ ነው ብዬ እስቅበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው የምክር አገልግሎቱ ሠራተኞች ላፕቶፕ ላይ አዲስ አፕ ሲጫን ነው። ተማሪዎቹ የሚያወሩት ሁሉ ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ከአማካሪው በቀር ማንም እንዳያየው ተብሎ ነው። ደግ ሥራ ነው፤ እኔም የምማከር ብሆን ይህንኑ ነበር የምፈልገው። ቤቴ ሲገባ ግን ሌላ መልክ ያዘ። አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ ከተማሪ ጋር ሲጻጻፍ፣ እኔ ሻይ ይዤ ስጠጋ ክዳኑን ዝቅ ያደርገዋል። ሻዩን አስቀምጬ ስርቅ መልሶ ቀና ያደርገዋል። ሻይ የማቀርብ ሳይሆን ኬላ የምጠብቅ መሰልኩ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ «ውይ!» ይላል። ይቺን «ውይ» አውቃታለሁ፤ ሰው አንድ ነገር ከእጁ ሲወድቅበት የሚላት ናት። መብራቱ ይመጣል፣ ላፕቶፑ ይነሳል፣ እሱ ግን ስልኩንና ላፕቶፑን እያፈራረቀ ሲያይ፣ አንድ ነገር ሲጽፍ፣ ደግሞ ሲጽፍ ይቆይና ክዳኑን ይዘጋል። «ምን ሆነ?» ስለው «ነገ ይስተካከላል» ይለኛል። የኮምፒውተር ባለሙያ ሚስት አጠገቡ ተቀምጣ ነገ ይስተካከላል!

ነገ የሚስተካከለው የት እንደሆነ የሰማሁት ከካፌ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ማክያቶዋን እያማሰለች «ባለቤትሽ ዛሬም ጥገና ክፍል ነበር፣ ያ አሮጌ ላፕቶፕ አላርፍ አለው አይደል?» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ዛሬም» የሚለውን ብቻ ነው። ጥገና ክፍል በኔ ቦታ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ ተመድባለች። ቀጠን ያለች፣ ነጭ ስኒከር የምታደርግ፣ አጭር ጸጉሯን በአንድ ጎን የምታስተኛ። ጎበዝ ናት ይሏታል። ጠርጥር፣ ከገንፎም መሃል አለ ስንጥር ይባል የለ? እኔ ገንፎውን ትቼ ስንጥሩን ስፈልግ ሰነበትኩ።

በሌላ ቀን አንድ ኬብል ቸግሮኛል ብዬ ጥገና ክፍል ሄድኩ። ሰርቨር ክፍል ኬብል ሞልቷል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ባለቤቴ እኔ ድሮ ሰው የማስቀምጥበት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ከጎኑ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ስፕሪስ አለ፤ የሱ ተጋምሷል። እሱ እያወራ ነው፤ እሷ እየሳቀች ነው። ባለቤቴ ሰው ያዳምጣል እንጂ ሰው አያስቅም! ለኔ እንኳ እንዲህ አውርቶ ያሳቀኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

«አንተ፣ ቆይ አትነካካው፣ እኔ ልክፈትልህ» አለችው፤ ከዚያ አየችኝ። ብድግ አለች። «እንዴ፣ ይግቡ! ይቀመጡ እንጂ።»

ለሱ አንተ፣ ለኔ እርስዎ። እኔ ይህን ሰው አንተ ለማለት ፕሮግራም መጻፍ ነበረብኝ፤ እሷ በስፕሪስ ጨረሰችው። በዚያ ላይ ለኔ መከበሬ ሳይሆን ማርጀቴ ነው የተነገረኝ።

«ምን ሆኖ ነው ላፕቶፑ?» አልኩ፣ ድምፄን አለስልሼ።

ባለቤቴን አየችው። እሱ መሬት መሬት አየ። «ኧረ ትንሽ ነገር ናት» አለች።

«ትንሽ ነገር ናት» አለ እሱም።

ሁለት ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ከተካፈሉ ነገሩ ትንሽ አይደለም። ኬብሌን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሷ አጥሬን ብቻ ሳይሆን ቤቴን ነው የነቀነቀችው እያልኩ እስከ ሰርቨር ክፍል ድረስ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

ማታውን ወደ ታቦር በባጃጅ ስንወጣ አልተናገርኩም። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ መኮራረፍ ከባድ ነው፤ በየጉድጓዱ ትከሻችሁ ይጋጫል። ቤት ስንገባ ፈነዳሁ።

«ለምን ለኔ አልሰጠኸኝም?»

«አንቺ አሁን የሰርቨር ሰው ነሽ። ጥገና የሷ ሥራ ነው።»

«ቤትህ ውስጥ ጠጋኝ አለችልህኮ!»

«የተማሪዎች ምስጢር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ግማሾቹን ታውቂያቸዋለሽ። ግቢው ትንሽ ነው።»

«እሷስ?»

«እሷ አዲስ ናት፣ ማንንም አታውቅም። ደግሞ የምታየው የለም፤ እስከ በሩ ነው የምታደርሰኝ።»

መልሱ ትክክል ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ሐሰት ቢናገር ኖሮ እይዘው ነበር። ግን አንድ ነገር እንዳስቀረብኝ አውቄያለሁ፤ ጭንቅላቱን የሚያክበት የራሱ መንገድ አለው፣ ጨርሶ ሳይናገር ሲቀር ከጆሮው ጀርባ ነው። ያን ቀን ከጆሮው ጀርባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ አልጽፍም። አንዱን ልንገራችሁ ግን፤ መናኸሪያ ወርጄ ነጭ ስኒከር ገዛሁ። ጠዋት አድርጌው ስወጣ ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየኝና በእውነተኛ ሐዘኔታ «እግርሽን አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ስኒከሩን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁን እዚያ አለ።

ሌላም ነገር ይቻለኝ ነበር። የግቢውን ኮምፒውተሮች የሚከፍት የባለሙያ ፓስዎርድ አለኝ። እሱ ሻወር ሲገባ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ይቀራል፤ አፑም አንዴ ከተከፈተ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ እንደተከፈተ ነው። ሁለት እርምጃ ነው። ከዚያ ላፕቶፕ ትይዩ ተቀምጬ የውኃውን ድምፅ እየሰማሁ እጄን ጭኔ ሥር የከተትኩበት ጊዜ አለ። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ የማየውን ፈርቼ ነው።

እንዲህ እያለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ባለቤቴ «ውይ!» አለ፤ ዛሬ ግን «ውይ»ዋ ሌላ ነበረች። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑን አስነሳ፣ ስልኩን አየ፣ ጻፈ፣ አሁንም ጻፈ። ተነስቶ ስልክ ደወለ። ማን ጋ እንደሚደውል አውቄያለሁ፤ የማይመለስለት መሆኑንም አውቄያለሁ። ያቺ ልጅ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ሄዳለች፤ ቅናተኛ ሰው የጠላቱን ፕሮግራም ከዘመድ በላይ ያውቃል። ደግሞ ደወለ። ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰበት፤ በአፍ መፍቻው በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ግማሹ ብቻ ገባኝ፤ «ደጅ» የሚል አለበት።

መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ክፈችልኝ።»

ልቤ ዘለለ፤ ምላሴ ግን ቀደመ። «ትንሽ ነገር ናት አላላችሁም?»

«አንዲት ልጅ እየጠበቀችኝ ነው።»

«የትኛዋ ልጅ?»

እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተማሪ ናት» አለ። «ስሟን አልነግርሽም። አሥር ሰዓት ተኩል ብያታለሁ። ስልኳም ምኗም ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ በሌላ በኩል አላገኛትም። ዛሬ ካልተገኘሁላት ሁለተኛ ለማንም አትናገርም። የምትናገረው ደግሞ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።»

ያቺ በረንዳ ላይ ቆማ የሄደችው ልጅ ትዝ አለችኝ። እሱም እሷን እንዳሰበ ገባኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው የሚያደርገው? አሳየኝ።»

አሳየኝ። ስልኩ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ቁጥር ይወጣል፤ ያንን ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል፤ ከገጠመ አፑ ይከፈታል። ጻፈው። ትክክል አይደለም አለ። ቁጥሩ ተለወጠ፣ አዲሱን ጻፈ። ትክክል አይደለም።

«ሁልጊዜ ነው?»

«ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነው። እሷ ካስተካከለችልኝ በኋላ መብራት እስኪሄድ ድረስ ሰላም ነው።»

እንዲህ ያለውን ቁልፍ አውቀዋለሁ። ስልኩም ላፕቶፑም ቁጥሩን የሚሠሩት ከሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሰዓታቸው አንድ ከሆነ ቁጥራቸውም አንድ ይሆናል። ስልኩን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከአሥር ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ላፕቶፑን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ይላል።

ሰዓቱ የኛ ነው፤ አትቸኩል።

ስልኩ የዓለሙን ሰዓት ይዟል፤ ላፕቶፑ ደግሞ በተነሳ ቁጥር በኔ ፕሮግራም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎተታል። ባለቤቴ ላይ የተማሪዎቹን በር የምቆልፈው እኔ ነኝ። ይህን ባወቅሁበት ቅጽበት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከማፈሬ በፊት ደስ አለኝ። ያቺ ጎበዝ የተባለች ልጅ ይህንን አላየችም! ስንት ቀን አጠገቡ ተቀምጣ፣ ስንት ስፕሪስ ጠጥታ፣ ዓይኗ ሥር ያለውን ሰዓት አላየችም! እኔ ገና ወንበሩ ሳይሞቅልኝ አገኘሁት።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ነገሮች ያሉበትን ቦታ ከፈትኩ። ፕሮግራሜ ባወጣሁላት ስም እዚያው አለች። ላጠፋት ጠቆምኳት።

ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። «እሷን አታጥፊያት።»

ዞር ብዬ አየሁት። ይህ ሰው የኮምፒውተሩን መዝጊያና መክፈቻ ካልሆነ ሌላ አያውቅም። ምን ልነካ እንደሆነ ሳልነግረው አወቀ።

«ታውቃታለህ?»

«የመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችኝ» አለ። «ልጅቷ። ገና እንዳየችው ‹ይሄ ነገር ሰዓቱን እየጎተተ ነው፤ ላጥፋው› አለችኝ። አትንኪው አልኳት።»

«ለምን?»

«አንቺ የሠራሽልኝ ነዋ።»

እሱ ቀጠለ፤ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። ልጅቷ በፓስዎርዷ ሰዓቱን በእጅ እያስተካከለች ትሰጠዋለች፤ እሱም መብራት እስኪሄድ ይሠራበታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የኔ ፕሮግራም ትነሳለች፤ እሱም ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ጥገና ይሄዳል። ልጅቷ በየጊዜው ትለምነዋለች፣ እሱ በየጊዜው እምቢ ይላል። አዲስ ላፕቶፕ ያልጠየቀውም ለዚሁ ነው። «ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ሰላም ነህ ይለኛል» አለ፣ የሚያሳፍር ነገር እንደተያዘበት ሰው።

«ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ከጆሮው ጀርባ አከከ። «ብነግርሽ ፕሮግራሟ ሥራዬን አሰናከለች ብለሽ በንዴት ታጠፊያታለሽ ብዬ ነው። አሁንስ ልታጠፊያት አልነበር?»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለውን እሱ ላይ ነበር የምተርተው፤ ወርቁን በእጄ ይዤ የኖርኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ግን ተማሪዋ እየጠበቀች ነው፤ ለማልቀስም ለመታረቅም ጊዜ የለም።

ያኔ ገና ጀማሪ ስለነበርኩ ሰዓቱን ራሱን ነበር የጎተትኩት። አሁን ያልሆነ መንገድ እንደነበር አውቃለሁ። በዓለም ላይ ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀሩ አገሮች አሉ፤ ለኮምፒውተሩ የምትኖረው እዚያ ነው ካሉት፣ ለዓይን የኛን ሰዓት እያሳየ በሆዱ ትክክለኛውን ይቆጥራል። ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ አገሩን ቀየርኩለት። ከፕሮግራሜ ሰዓት የምትጎትተዋን መስመር አወጣሁ፤ ሰላምታዋን ተውኳት። «አልሞተችም» አልኩት። «ሥራ ነው የቀነስኩላት።»

አጥፍቼ አስነሳሁት። ያ አሮጌ ላፕቶፕ ሲነሳ ሰው ያስረጃል። ሁለታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ስክሪኑ መሃል ላይ ወጣች፦ «ሰላም ነህ? ሰዓቱ የኛ ነው፤ አትቸኩል።» ጥጉ ላይ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል። ባለቤቴ ቁጥሩን ጻፈ።

ተከፈተ።

ተነስቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። ፊት ለፊቴ የቡፌው መስታወት ነበር፤ የላፕቶፑ ብርሃን ከነጽሑፉ መስታወቱ ላይ ወድቋል፤ ትንሽ ጠጋ ብል ይነበባል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ግን ዓይን መጨፈን አይበቃኝም ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች፤ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ከውስጥ ቀስ እያለ የሚጻፍ የቁልፎች ድምፅ ይሰማኛል። አንገቱን ዘንበል እንዳደረገ ሳላይ አውቄዋለሁ። በዚያች በማላውቃት ልጅም ቀናሁ፤ ግን በረንዳው ላይ የቆምኩት እኔ እንጂ እሷ ባለመሆኗ ደስ አለኝ።

ማምሻውን ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። «አገኘኋት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያቺ ልጅ ከሠርግ ስትመለስ ጥገና ክፍል ሄድኩ። የሄድኩት በሐቀኝነት ላመሰግን ነው፤ ትንሽ ደግሞ እኔ እንደጠገንኩት እንድታውቅ። ያደረግሁትን ስነግራት አጨበጨበች።

«አገሩን መቀየር! እኔ ለምን አልመጣልኝም? ግን ቢመጣልኝም ያቺን ፕሮግራም ሳይነኩ አይሆንም፤ እሱ ደግሞ ማን ያስነካል! ስንቴ ለመንኩት መሰልዎት። ‹ይሄ የባለቤቴ እጅ ነው፤ ገና እርስዎ እያለችኝ አንተ ያለችኝ እዚህ ላይ ነው› ይለኛል። ያን ቀን ሲመጡ እሱን እያወራልኝ ነበርኮ፣ እርስዎ እንዴት እንደነበሩ፣ እሱ መሬት መሬት ሲያይ። በሳቅ ነው የገደለኝ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ የሚለኝ ባል ይስጠኝ እያልኩ ነበር።»

አመሰገንኳት። እንደ ታላቅ እህት ሳምኳት፤ እርስዎ ስላለችኝም ይቅር አልኳት። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ስደርስ ቆምኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም። ግን ከደስታው ሥር አንድ የማውቀው ነገር ይቆነጥጠኛል። ይህ ሰው አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ቃል አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እሷ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሰምታዋለች። የሀዋሳ መብራት ደግሞ ስንቴ እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ማታ እራት ላይ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ለልጅቷ ያልካትን ለኔ በለኝ።»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። «ሰምተሽው የለ?»

«ከሷ ነው የሰማሁት» አልኩት።